«ብሳሳትስ?» ብሎ መጠየቅ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በአዲስ አበባ የማይክሮዌቭ ምህንድስና የሚያስተምሩ መምህር፣ ሌላዋ ለሁለተኛ ዲግሪዋ በ2.45 ጊጋኸርዝ የሚሠራ አንቴና የምትነድፍ ተማሪያቸው። የሚወያዩት በመመረቂያ ጽሑፏ ረቂቅ ላይ ነው።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ ረቂቄን አዩልኝ?

መምህሩ፦ አየሁት። የተደከመበት ሥራ ነው፤ አጻጻፍሽም ግልጽ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ቆምኩ። «ሲሙሌሽኑ አንቴናው በ2.45 ጊጋኸርዝ በሚገባ እንደሚሠራ አረጋግጧል» ትያለሽ። ምኑን ነው ያረጋገጠው?

ተማሪዋ፦ መሥራቱን ነዋ። ግራፉን አይተውታል። ወደ አንቴናው ከምንልከው ኃይል ተንጸባርቆ የሚመለሰው በ2.45 ላይ ከ20 ዴሲቤል በላይ ቀንሷል፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይመለስም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሚፈታው ደግሞ የማክስዌልን እኩልታዎች ነው። ማክስዌል በ1865 ያሳተማቸውን፣ ሄቪሳይድ በኋላ ወደ አራት ያሳጠራቸውን፣ ሄርትዝ ሞገዱን በቤተ ሙከራ አስገኝቶ እውነትነታቸውን ያሳየላቸውን። እኩልታዎቹ እውነት ከሆኑ መልሱም እውነት ነው።

መምህሩ፦ በማክስዌል አልከራከርሽም። የምጠይቅሽ ኮምፒውተሩ የተናገረው ስለ የትኛው አንቴና እንደሆነ ነው። አንቴናውን የምትሠሪበት ቦርድ ምን ዓይነት ነው ብለሽ ነገርሽው?

ተማሪዋ፦ ኤፍአር-4 ነው። ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር፣ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 4.4።

መምህሩ፦ 4.4ን ከየት አገኘሽው?

ተማሪዋ፦ ከሶፍትዌሩ የቁሳቁስ ዝርዝር። ያነበብኳቸው ጽሑፎችም አብዛኞቹ 4.4 ነው የሚሉት።

መምህሩ፦ ኤፍአር-4 ከመስታወት ክርና ከኢፖክሲ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። ሲፈጠር የታሰበው እሳት እንዲቋቋም፣ እንዲጠነክርና እንዲረክስ ነው። ለማይክሮዌቭ ተብሎ አልተሠራም። የመስታወቱና የኢፖክሲው መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ መጠኑ ሲለያይ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱም ይለያያል። አንዱ ቦርድ 4.2፣ ሌላው 4.6 ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። ያንቺ 4.2 ቢሆን አንቴናሽ የት ይሄዳል? በወረቀት አስቢልኝ።

ተማሪዋ፦ የሚያስተጋባበት ፍሪኩዌንሲ ከኮንስታንቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ከሞገዱ ጥቂቱ በአየር ውስጥ ስለሚያልፍ ለውጡ ትንሽ ይለዝባል። ወደ 2.2 በመቶ ከፍ ይላል… 2.45 የነበረው 2.5 አካባቢ ይሆናል።

መምህሩ፦ የዋይፋዩ ባንድ የት ያበቃል?

ተማሪዋ፦ 2.4835 ላይ። አንቴናዬ የሚሸፍነው 60 ሜጋኸርዝ ያህል ብቻ ስለሆነ ከባንዱ ጫፍ ጥቂት ቢነካ ነው። ዋናው ሥራው ውጭ ይቀራል።

መምህሩ፦ ስለዚህ ሲሙሌሽኑ ያረጋገጠው አንድ ነገር ነው፤ ቦርዱ በትክክል 4.4 ከሆነ፣ መዳቡ በትክክል አንቺ በሣልሽው ልክ ከተቆረጠ፣ መጋቢ መስመሩም አንቺ እንዳሰብሽው ከተገናኘ፣ መልሱ ይህ ነው። «ከሆነ» የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገርሽ ወድቋል።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ እውነት ነው። ግን ቅር የሚለኝን ልንገርዎ። በሀብታም አገር ያለ ተማሪ አንቴናውን ጠዋት ይቆርጣል፣ ከሰዓት በኋላ ሞገድ በማያንጸባርቅ ክፍል ውስጥ ይለካዋል። እኛ ቦርድ ውጭ አሠርተን እስኪላክ፣ ጉምሩክ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። የመለኪያ መሣሪያው ዋጋ ከቤት ዋጋ ጋር የሚወዳደር ነው። ሲሙሌሽን ባይኖር እኔ ይህን ትምህርት መማር ባልቻልኩ ነበር። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ላፕቶፑ የራሴ ነው። ከሌላው ዓለም ጋር እኩል ያደረገኝን ነገር ሲያሳንሱብኝ ዝም ማለት አልችልም።

መምህሩ፦ ዝምም አትበዪ። አላሳነስኩትም።

ተማሪዋ፦ ደግሞ መለኪያ የማይደርስበት ቦታም አለ። በሆስፒታል ያለውን የኤምአርአይ መሣሪያ ይውሰዱ። ባለ 3 ቴስላው በሽተኛው ላይ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ 128 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ይህ ሞገድ በአየር ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ውሃ በበዛበት የሰው አካል ውስጥ ግን ወደ 30 ሴንቲሜትር ያጥራል። 30 ሴንቲሜትር የሰው ወገብ ስፋት ያህል ስለሆነ መስኩ አንዱ ጋ ይበረታል፣ ሌላው ጋ ይደክማል። የት ቦታ ሥጋው ከመጠን በላይ እንደሚሞቅ ለማወቅ በሕያው ሰው ጉበት ውስጥ መለኪያ ይተክላሉ? አይተክሉም። የሰውን አካል ቅርጽ በኮምፒውተር ሠርተው፣ ለጡንቻው፣ ለስቡ፣ ለአጥንቱ የየራሱን ባሕርይ ሰጥተው ያሰላሉ። በዚያ ቦታ ሲሙሌሽን የመለኪያ ምትክ ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ያለው ዓይን እሱ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ጥሩ ተናገርሽ፤ በዚህ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። እንዲያውም ያ ምሳሌ ወደ ምፈልገው ቦታ ይወስደናል። እነዚያ ባለሙያዎች ለጡንቻው የሚሰጡትን ቁጥር ከዝርዝር አንስተው አይተዉትም፤ አካሉ ወፍራም ቢሆንስ፣ ቀጭን ቢሆንስ፣ ሰውየው ከመሃል ፈንጠር ብሎ ቢተኛስ እያሉ ደጋግመው ያሰላሉ። በኋላ እንመለስበታለን። አሁን አንድ ነገር አስረጂኝ፤ ሶፍትዌርሽ በምን ዘዴ ነው የሚፈታው?

ተማሪዋ፦ በኤፍዲቲዲ ነው። የምጠቀመው ኦፕንኢኤምኤስን ነው። ዘዴውን ኬን ዪ በ1966 ነው ያሳተመው። ቦታው በጥቃቅን ሳጥኖች ይከፋፈላል። የኤሌክትሪክ መስኩ በሳጥኖቹ ጠርዝ ላይ፣ የማግኔት መስኩ በሳጥኖቹ ገጽ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የማግኔት መስክ ዙሪያውን በኤሌክትሪክ መስክ፣ እያንዳንዱም የኤሌክትሪክ መስክ ዙሪያውን በማግኔት መስክ ይከበባል። ጊዜውም እንደ ቦታው ይቆራረጣል። በአንዱ ግማሽ እርምጃ ኤሌክትሪኩ ይታደሳል፣ በሚቀጥለው ግማሽ ማግኔቱ። አንዱ ሌላውን እየገፋ ሞገዱ ይጓዛል። ለእያንዳንዱ ሳጥን የተነገረው ከጎረቤቱ ጋር ያለው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ስለ ሞገድ የነገረው የለም። ሞገዱ ግን ከዚያ ሒሳብ ብቅ ይላል። መጀመሪያ በስክሪን ላይ ሲሰራጭ ሳየው ይህን ሙያ ወደድኩት።

መምህሩ፦ የሚወደድ ነገር ነው። ሳጥኖችሽ ስንት ሚሊሜትር ናቸው?

ተማሪዋ፦ በየአቅጣጫው 1 ሚሊሜትር። በ2.45 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት በአየር 12.2 ሴንቲሜትር ነው። ለአንድ የሞገድ ርዝመት ከ10 እስከ 20 ሳጥን ይበቃል ይባላል። የእኔ ከ100 በላይ ነው።

መምህሩ፦ ለአየሩ ከበቂም በላይ ነው። ለቦርዱስ? 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ውስጥ ባለ 1 ሚሊሜትር ሳጥን ስንት ይገባል?

ተማሪዋ፦ አንድ ከግማሽ ገደማ።

መምህሩ፦ የአንቴናሽ ኃይል የሚከማቸው በመዳቡና በመሬቱ ንጣፍ መካከል ባለው በዚያ ቀጭን ቦታ ነው። ሥራው ሁሉ የሚሠራበትን ቦታ በአንድ ሳጥን ከግማሽ አይተሽዋል ማለት ነው። ደግሞ መዳቡ ጠርዝ ላይ መስኩ እጅግ ይበረታል፤ ከጠርዙ በጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትሮች ውስጥ በብዙ ይለዋወጣል። የመዳቡ ርዝመት ስንት ነበር?

ተማሪዋ፦ 29 ሚሊሜትር፤ ወርዱ 37።

መምህሩ፦ ጠርዙ በሳጥን መስመሮች መካከል ቢያርፍና ሶፍትዌሩ በግማሽ ሚሊሜትር ገፋ አድርጎ ቢያነበውስ?

ተማሪዋ፦ ግማሽ ሚሊሜትር ከ29… 1.7 በመቶ። 42 ሜጋኸርዝ ያህል ይዞት ይሄዳል። የባንዴን ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው!

መምህሩ፦ በሰፊ ወንፊት ዱቄት ነፍቶ «ገለባ የለውም» እንደማለት ነው። የወንፊቱ ዓይን ከገለባው ከሰፋ ገለባው አብሮ ያልፋል።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ሁሉንም ሳጥን ለምን አላጠብም? 0.4 ሚሊሜትር ባደርገው ቦርዱ አራት ሳጥን ይይዛል።

መምህሩ፦ ዋጋው ነዋ። ሳጥኑን በግማሽ ብታጠቢው በሦስቱም አቅጣጫ ስለሚባዛ ቁጥሩ 8 እጥፍ ይሆናል። ሞገዱ በአንድ እርምጃ ከአንድ ሳጥን በላይ መዝለል ስለሌለበት የጊዜው እርምጃም በግማሽ ያጥራል። ድምሩ 16 እጥፍ ሥራ ነው። ባለ 1 ሚሊሜትር ሳጥን የሚፈቅደው እርምጃ ከ1.9 ፒኮሰከንድ አይበልጥም። የ2.45 ጊጋኸርዝ አንድ ዑደት 408 ፒኮሰከንድ ነው፤ አንዱን ዑደት ብቻ ለማስኬድ ከ200 በላይ እርምጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ጎበዝ ነዳፊ ሳጥኑን የሚያጠብበው መስኩ በፍጥነት በሚለዋወጥበት ቦታ ነው፤ በቦርዱ ውፍረት፣ በመዳቡ ጠርዝ፣ በመጋቢው መስመር ዙሪያ። አየሩን ሰፋ አድርጎ ይተወዋል።

ተማሪዋ፦ የኦፕንኢኤምኤስ መመሪያም ጠርዝ ላይ መስመሩን እንዴት እንደምናሳርፍ ይናገራል፤ ከሳጥኑ አንድ ሦስተኛው ወደ መዳቡ፣ ሁለት ሦስተኛው ወደ ውጭ እንዲሆን። አንብቤው ነበር፤ ምክንያቱ ግን አሁን ነው የገባኝ። እንዲህ ካስቀመጥነው በጠርዙ ላይ የሚበረታው መስክ በመጠኑ ይካካሳል።

መምህሩ፦ አዎ። ከዚያ ደግሞ ሳጥኑን እንደገና አጥብበሽ አስኪጂው። መልሱ ከተንቀሳቀሰ ገና ነው። አሁንም አጥብቢው። መልሱ መንቀሳቀስ ሲያቆም የሳጥኑ ጣጣ አለቀ። ረቂቅሽ ውስጥ ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አላየሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው።

ተማሪዋ፦ ሠንጠረዡን እጨምራለሁ። መልሱ መንቀሳቀስ ሲያቆም ግን ትክክለኛ ሆነ ማለት ነው?

መምህሩ፦ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተሽ ያዢ። አንደኛው፣ እኩልታው በትክክል ተፈትቷል ወይ? ሁለተኛው፣ የተፈታው እኔ የምሠራው ዕቃ ነው ወይ? ሳጥን ማጥበብ የመጀመሪያውን ብቻ ይመልሳል። በዙሪያሽ ያለው የሲሙሌሽኑ ግድግዳም የመጀመሪያው ጥያቄ አካል ነው። ኮምፒውተር ማለቂያ የሌለው ሜዳ ሊይዝ አይችልም፤ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለበት። የተቆረጠበት ጫፍ ሞገዱን መልሶ እንዳያንጸባርቅ በረንዤ በ1994 ያሳተመው ሞገድ መጣጭ ንብርብር በብዙ ሶፍትዌር ውስጥ የሚሠራው ለዚህ ነው። ግድግዳሽን ከአንቴናው ስንት አርቀሻል?

ተማሪዋ፦ 3 ሴንቲሜትር፤ የሞገዱን ሩብ ያህል።

መምህሩ፦ 6 አድርጊውና አስኪጂው። መልሱ ካልተለወጠ ግድግዳው ራቅ ብሏል። ከተለወጠ ግን ስታሰዪ የነበረው አንቴናሽን ከነግድግዳው ነው።

ተማሪዋ፦ በሌላ ዘዴ ብፈትሸውስ? የፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ቦታውን በሳጥን ፋንታ ጠመዝማዛ ቅርጽ በሚከተሉ ባለ አራት ገጽ ቁርጥራጮች ነው የሚከፋፍለው፤ የሚያሰላውም በጊዜ ሳይሆን በፍሪኩዌንሲ ነው። ከ1990 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው ኤችኤፍኤስኤስ የተባለው ሶፍትዌር በዚህ ዘዴ ታዋቂ ነው። ሃሪንግተን በ1968 መጽሐፉ ያስፋፋው የሞመንት ዘዴ ደግሞ አየሩን ትቶ በብረቱ ላይ ያለውን ከረንት ብቻ ይፈልጋል። በሁለት ዘዴ አስልቼ አንድ መልስ ካገኘሁ?

መምህሩ፦ ግሩም ፍተሻ ነው። የሚሳሳቱበት መንገድ ስለሚለያይ ሁለቱ ከተስማሙ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ ልትዪ ትችያለሽ። ለሁለቱም 4.4 ብለሽ ከነገርሻቸው ግን ሁለቱም እኩል ይሳሳታሉ፤ መስማማታቸውም ያኮራሻል። አደገኛው መስማማት ይህኛው ነው።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ እኔም በተራዬ ልጠይቅዎ። በ2006 ናሳ ኤስቲ-5 የተባሉትን ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶች ሲያመጥቅ የያዙት አንቴና በኮምፒውተር የተፈለሰፈ ነበር። ስምንት ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ፣ የተጣመመ ሽቦ። ፕሮግራሙ ብዙ ዓይነት ሽቦ በዘፈቀደ ያጣምማል፣ እያንዳንዱን በሲሙሌሽን ይመዝናል፣ የተሻሉትን ያዳቅላል፣ የቀሩትን ይጥላል። ይህንን ትውልድ በትውልድ እየደጋገመ የደረሰበት ቅርጽ ማንም መሐንዲስ በእጁ የማይስለው ነው። የሳተላይቶቹ ምሕዋር ሲቀየርና የአንቴናው ግዴታ ሲለወጥም ፕሮግራሙን እንደገና አስኪደው አዲስ አንቴና በአጭር ጊዜ አወጡ። እዚያ ላይ መሐንዲሱ ምን ሠራ? ኮምፒውተሩ አይደለም ወይ የነደፈው?

መምህሩ፦ ያመጣሽው ጠንካራ ምሳሌ ነው፤ አላድበሰብሰውም። ቅርጹን ያገኘው ኮምፒውተሩ ነው። «የተሻለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የወሰነው ግን ማን ነው?

ተማሪዋ፦ ሰዎቹ ናቸው። በየትኛው ማዕዘን ምን ያህል ጌይን፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል ነጸብራቅ እንደሚፈቀድ እነሱ ጽፈውለታል።

መምህሩ፦ ሳተላይቱ ላይ ከመገጠሙ በፊትስ?

ተማሪዋ፦ ተሠርቶ ተለክቷል።

መምህሩ፦ ስለዚህ የመሐንዲሱ ሥራ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በ1940 በኤምአይቲ የተከፈተው የራዲዬሽን ላቦራቶሪ የራዳር ዕቃዎችን ሲሠራ እኩልታው ይታወቅ ነበር፤ ለቀላል ቅርጾች ካልሆነ ግን በእጅ አይፈታም። ስለዚህ ብረት ይቆረጣል፣ ይለካል፣ ይሞረዳል፣ እንደገና ይለካል። በ1939 የወጣው የስሚዝ ቻርት አድካሚውን ሒሳብ በወረቀትና በኮምፓስ አቀለለው። ዛሬም የማይክሮዌቭ ፊልተር ክዳን ላይ ብሎኖች ታያለሽ፤ ከተሠራ በኋላ በመጠምዘዝ ወደ ልኩ ያመጡታል። በዚያ ዘመን የመሐንዲሱ ብልሃት በእጁ ነበር። ዛሬ ብልሃቱ በጥያቄው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ የማያደርግልሽ ነገር አለ፤ የረሳሽውን አያስታውስሽም።

ተማሪዋ፦ ታዲያ የረሳሁትን እንዴት ላስታውስ? የማላውቀውን ላውቀው አልችልም።

መምህሩ፦ አሁን የኤምአርአይ ባለሙያዎቹን አስታውሺ። ቁጥሩን በትክክል ማወቅ ባትችዪ ከየት እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል መገመት ትችያለሽ። የቦርዱ ኮንስታንት ከ4.2 እስከ 4.6 ይሁን። የመዳቡ ርዝመት ሲቆረጥ በ0.1 ሚሊሜትር ይሳሳት። የቦርዱ ውፍረት በ10 በመቶ ይዛነፍ። ላፕቶፕሽን ማታ ክፈቺውና እነዚህን ሁሉ እያፈራረቀ ያስላ። ጠዋት የምታገኚው ብዙ ኩርባዎችን ነው። ቦርድ ውጭ አሠርተሽ ይህን ሁሉ ብትሞክሪ ዕድሜም ገንዘብም አይበቃሽም። ሲሙሌሽን ኃይሉ የት ነው ብትዪኝ እዚህ ጋ ነው። «ትክክል ነኝ» ለማለት ሳይሆን «ብሳሳትስ?» ብሎ በርካሽ ለመጠየቅ።

ተማሪዋ፦ ይጠብቁኝ፣ አሁኑኑ ላስላው። ኮንስታንቱ በ0.2 ወዲያና ወዲህ ሲል ፍሪኩዌንሲው በ55 ሜጋኸርዝ ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል። ርዝመቱ በ0.1 ሚሊሜትር ሲዛነፍ ደግሞ… 8 ሜጋኸርዝ ብቻ። መምህር፣ እኔ ገንዘቤን ለመቁረጡ ጥራት ልከፍል ነበር! ቦርዱን የሚቆርጡልኝ ሰዎች ስሕተቱ ከ0.1 ሚሊሜትር በታች እንዲሆንልኝ ተጨማሪ ክፍያ ጠይቀውኛል።

መምህሩ፦ ትከፍያለሽ ወይስ አትከፍዪም?

ተማሪዋ፦ አልከፍልም። ችግሩ ያለው ቁሱ ላይ ነው። ባህሪው የሚታወቅ ቦርድ ብገዛ፣ ለምሳሌ ሮጀርስ 4003ን፣ ኮንስታንቱ 3.38፣ መዛነፉ 0.05 ብቻ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ከአንድ በመቶ ባነሰ ይወሰናል። ኃይል የሚያባክነውም ከኤፍአር-4 እጅግ ያነሰ ነው። ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ያለበለዚያ ቁሱ እንዳያሳስበኝ ንድፉን መለወጥ አለብኝ።

መምህሩ፦ እንዴት አድርገሽ?

ተማሪዋ፦ መዳቡ ያለበትን ሰሌዳ ከመሬቱ ንጣፍ ላይ ከፍ አድርጌ መሃሉን አየር ባደርገው አብዛኛው መስክ በአየሩ ውስጥ ያልፋል። የአየር ኮንስታንት በፋብሪካ አይለያይም። ክፍተቱ ሲሰፋ የባንዱ ስፋትም ይጨምራል፤ የሚባክነውም ኃይል ይቀንሳል።

መምህሩ፦ ምን ታጫለሽ?

ተማሪዋ፦ መጠኑን። ሞገዱ በአየር ስለሚረዝም መዳቡ ወደ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። የእኔ አንቴና ግን ጣሪያ ላይ ነው የሚተከለው፤ ቢተልቅ ጉዳት የለውም። ለስልክ ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር።

መምህሩ፦ አሁን ነው ነዳፊ የሆንሽው። ከአንድ ሰዓት በፊት ሲሙሌሽኑ የሚያምር ኩርባ ሰጥቶሽ ነበር፤ ያ ኩርባ ግን ምን ማድረግ እንዳለብሽ አልነገረሽም። «ብሳሳትስ?» ብለሽ ስትጠይቂው የት ገንዘብ እንደማታወጪ፣ ምን እንደምትቀይሪ፣ ለምን እንደምትቀይሪ ነገረሽ።

ተማሪዋ፦ አዲሱን ንድፍስ? እሱንም እኮ መለካት አለብኝ። ወደ መጀመሪያው ችግሬ ተመለስኩ።

መምህሩ፦ ሙሉ በሙሉ አልተመለስሽም። የጌይኑን ቅርጽ በየማዕዘኑ ለመለካት ያ ሞገድ የማያንጸባርቅ ልዩ ክፍል ያስፈልጋል፤ እሱን ከሌላ ተቋም ጋር ተነጋግረን እንፈልግልሻለን። ነጸብራቁን ግን በእጅሽ መለካት ትችያለሽ። ናኖቪኤንኤ ከሚባሉት የኪስ መለኪያዎች እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚደርሱ አሉ፤ ዋጋቸውም ከትልልቆቹ ጋር አይነጻጸርም። ስትለኪ ሁለት ነገር ጠብቂ። መለኪያውን ገመዱ ጫፍ ላይ ካሊብሬት አድርጊው፤ አለዚያ ገመዱን ነው የምትለኪው። ከመለካትሽ በፊት ደግሞ ትንበያሽን ከነወሰኑ ጽፈሽ፣ ቀን አድርገሽበት፣ ለእኔ ስጪኝ።

ተማሪዋ፦ ለምን ቀድሜ?

መምህሩ፦ ልኬቱን ካየሽ በኋላ ሲሙሌሽኑን ከልኬቱ ጋር ማስማማት ቀላል ነው። ኮንስታንቱን 4.4 ትተሽ 4.27 ብትዪ፣ ኮኔክተሩን ትንሽ ብታንቀሳቅሺ፣ ሁለቱ ኩርባዎች ይደራረባሉ። ምስሉ ያምራል፤ ከእሱ ግን ምንም አልተማርሽም። ወሰኑን ቀድመሽ ከጻፍሽ ልኬቱ ውስጡ ሲወድቅ ንድፍሽ ታመነ ማለት ነው። ከወሰኑ ውጭ ሲወድቅ ያልነገርሽው ነገር አለ ማለት ነው፤ ብየዳው ላይ የተረፈ ሊድ ይሁን፣ ያጠረ የመሬት ንጣፍ ይሁን፣ ሄደሽ ትፈልጊያለሽ።

ተማሪዋ፦ ቦርዱ ራሱ ቢሆንስ? የኮንስታንቱን ትክክለኛ ዋጋ የማውቅበት መንገድ የለም?

መምህሩ፦ አለ፤ ርካሽም ነው። ከዚያው ቦርድ ላይ የመዳብ ቀለበት ሥሪ። ሁለት መስመር በጠባብ ክፍተት አስጠጊበት። የቀለበቱ ዙሪያ በቦርዱ ላይ ካለው የሞገድ ርዝመት ጋር ሲገጥም ቀለበቱ ያስተጋባል፤ ያንን ፍሪኩዌንሲ በኪስ መለኪያሽ ታነቢዋለሽ። ከዙሪያውና ከፍሪኩዌንሲው ተነስተሽ ኮንስታንቱን ታወጫለሽ። ከማስተጋባቱ ሾጣጣነት ደግሞ ብክነቱን ትገምቻለሽ። ከዚያ በኋላ ለሲሙሌሽኑ የምትነግሪው ቁጥር የራስሽ ቦርድ ቁጥር ይሆናል።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ እንግዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ብቻ ለምን? እዚህ ገበያ የሚገኘውን ቦርድ የሚጠቀም ተማሪ ሁሉ 4.4 ብሎ ነው የሚጀምረው። በየዓመቱ የሚመረቀው ሰው ያንኑ ግምት ይደግማል። ለውድ ሶፍትዌር ፈቃድ ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የሚያሠራው ቦርድ ጥግ ላይ አንድ ቀለበት ቢያክል፣ ለክቶ ቁጥሩን ቢመዘግብ፣ ከየት እንደተገዛና መቼ እንደተገዛ ቢጽፍ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የራሳችን የቁሳቁስ ዝርዝር ይኖረናል። ትንበያውና ልኬቱ የተለያዩባቸውንም አብረን እንመዝግብ፤ ከሚገጣጠሙት ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያስተምሩን።

መምህሩ፦ ለዚህ ማንም ፈቃድ አይከለክልሽም። መለኪያው አለ፣ ቦርዱ አለ፣ የቀለበቱም ቦታ ከሁለት ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያውን መዝገብ አንቺ ክፈቺው፤ የሚቀጥሉት ተማሪዎቼ ካንቺ ቁጥር እንዲጀምሩ አደርጋለሁ። አዲሱን ንድፍ ስታመጪ ደግሞ አንዱን ኩርባ ብቻ እንዳታሳዪኝ፤ ሁሉንም አምጪ።

ተማሪዋ፦ ሁሉንም አመጣለሁ፤ ከነወሰናቸው።